የተፈረመበት እግር

የኤርሳዶ ጉልበት እንደማይታጠፍ ከላይ ተፈርሞ የጸደቀ ዕለት፣ የጂንካ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሊለው ቤቱ ድረስ መጣ። አንዱ ሙዝ፣ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ባዶ እጁን። እግሩ የተሰበረ ጊዜ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ያኔ አደጋ ነበር፤ አሁን ግን ደመወዝ ሆኗል።

«እግዜር ሲሰጥ አይጠይቅም ማነህ» አለች ጎረቤቱ ከበቡሽ፣ ከመቀመጧ በፊት። «እኛ ይኸው ሁለት ደህና እግር ይዘን እስከ ዛሬ ምን አገኘን?»

እንኳን ደስ ያለህ ለሚል ሰው «አሜን» ይባላል፤ ኤርሳዶም አሜን አለ።

ኤርሳዶ ከከምባታ በወጣትነቱ ከመንገድ ሠራተኞች ጋር መጥቶ፣ መንገዱ ሲያልቅ ጂንካ የቀረ ሰው ነው። አረጋሽን አግብቶ ሙሴ የሚባል ልጅ ወለደና የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሜዳው ያለው ከተማው መካከል ነው። ለጥ ያለ ሣር ስለሆነ አውሮፕላን የሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይመታበታል፣ ወደ ገበያ የሚሄድ ሁሉ ይቋረጥበታል። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ኤርሳዶ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይቀጠቅጣል፤ ሰው ይሸሻል። ከብት ግን ቸርኬ አይሰማም። ስለዚህ ዱላውን ይዞ ይሮጥና ከብቱን ያስወጣል። ሥራው ይኸው ነበር፤ ይወደውም ነበር።

እግሩን የሰበረው ቡሬ የሚባል ኮርማ ነው። ቡሬ የቀበሌው ሊቀ መንበር የጓድ ንጉሤ ነው። ሜዳው ላይ ከብት ማሰማራት የተከለከለ መሆኑን በስብሰባ የሚያስታውቁት ጓድ ንጉሤ ራሳቸው ነበሩ። ቡሬ ግን ስብሰባ አይገባም። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ኤርሳዶ በዱላ ቢለው፣ ዞሮ ጉልበቱን በቀንዱ አነሣው። አውሮፕላኑ በደህና አረፈ፤ ኤርሳዶም በዚያው አውሮፕላን ተጭኖ ለሕክምና ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያባርርለት የኖረውን አውሮፕላን ሲሳፈር የመጀመሪያው ነበር፤ ጣሪያውን እያየ ስለሄደ ደመናውን እንኳ አላየም።

የቡሬ ጉዳይ በውይይት ክበብ ተነሣ። ኤርሳዶ በሌለበት ሂስ ተደረገበት፤ ጥንቃቄ የጎደለው አካሄድ መሄዱ ታወቀ፤ ቡሬ ነጻ ወጣ።

እንግዲህ ያ ሁሉ አልፎ፣ በየቢሮው ደጅ ከተጠና በኋላ፣ ጡረታው ጸደቀ። አረጋሽ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ጸደቀ ማለት ግን አለቀ ማለት አልነበረም።

መመሪያውን ያነበቡለት ጓድ ንጉሤ ናቸው።

«በየዓመቱ ከላይ ቦርድ ይመጣል» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «እግርህ እንደ ነበረ መሆኑን ያያል። ተሽሎህ ከተገኘ ይቋረጣል። ከባድ ሥራ ስትሠራ ከታየህ ይቋረጣል። ሳታሳውቅ ከአካባቢው ብትሄድ ይቋረጣል። ከሞትክም ይቋረጣል።»

«እሱ እንኳ ይሁን» አለ ኤርሳዶ። «ያን ጊዜ እኔም ተቋርጫለሁ።»

«ቀልድ አይደለም፣ ጓድ ኤርሳዶ። ሕዝቡ ዓይን አለው።»

ሕዝቡ ዓይን እንዳለው ኤርሳዶ የተረዳው በማግሥቱ ነው። ከወረቀቱ ጋር አንድ ክራንች ተልኮለት ነበር። ክራንቹ ለማን ቁመት እንደተሠራ እንጃ፣ ለእሱ ግን አልነበረም። ብብቱ ሥር ሲያስገባው ትከሻው ተሰቅሎ ጆሮውን ይነካል፤ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ጥሎ፣ ትከሻው የሚነግረውን ሚስጥር እንደሚያዳምጥ ሰው ይሄዳል። ያለ ክራንች ይሻለዋል። የማይታጠፈውን እግሩን እንደ አጥር በር ወደ ጎን እየወረወረ የፈለገበት ይደርሳል።

«ጫፉ ይቆረጥልህ» አለች አረጋሽ።

ጓድ ንጉሤ ሰምተው መጡ። «የመንግሥት ንብረት ነው! ቁጥር ተጽፎበታል፣ አታዪም?»

ስለዚህ ክራንቹ ሙሉ ሆኖ ቀረ፤ የጎበጠው ኤርሳዶ ነው። ያለ ክራንች አንድ ቀን እስከ በር ቢወጣ፣ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ «ተሻለህ እንዴ?» ይለዋል። በጂንካ «ተሻለህ እንዴ» የሚያስደነግጠው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ወረቀቱ የአካል ጉዳቱ ስልሳ በመቶ ነው ይላል። ይህን ከበቡሽ እንዴት እንደሰማች አይታወቅም፤ ግን ሰማች።

«አረጋሽ» አለች ሰው በተሰበሰበበት ውኃ መቅጃ፣ «የቀረው አርባ በመቶ የት ጋ ነው? ከወገብ በላይ ነው ወይስ ከወገብ በታች?»

«አንቺን ለመምታት የሚበቃ አለው» አለች አረጋሽ እንስራዋን እየተሸከመች።

ሌላም ሰው መጣ። ከገዘር ከተማ አንድ የማያውቀው ሰው፣ በዘመድ ዘመድ በኩል ዘመድ ነኝ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚቱን አሳየው። «ይኼስ ስንት በመቶ ይሆናል?» ሲል ጠየቀ። ኤርሳዶ ቁርጭምጭሚቱን ዳበሰ፤ ከራሱ ጤነኛ እግር ይልቅ ጤነኛ ነው። ሰውዬው ግን ቅር ብሎት ሄደ። ለራሱ ያገኘውን ለሰው የሚነፍግ፣ ክፉ አንካሳ ነው ብሎ አወራበት።

ቀበሌውም አልተወውም። «አንተ መቼም ሥራ የለህም» ተባለና የቀበሌ ሱቅ ስኳር የሚያድል ቀን ሰልፍ አስከባሪ አደረጉት። ሰልፍ አስከባሪ ማለት ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆም ሰው ማለት ነው። «መቆም ከባድ ሥራ አይደለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጓድ ንጉሤ «ይህ ሥራ አይደለም፣ ተሳትፎ ነው» አሉት። ለተሳትፎ እግሩ ደህና ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የቅዳሜ ገበያ ነበር። አረጋሽ ኮረሪማ ትነግዳለች። ከአደጋው በፊት ጆንያውን ተሸክሞ ገበያ የሚያደርስላት እሱ ነው፤ በዚያ እግሩም ቢሆን አሁንም ይችላል፤ ትከሻው አልተሰበረም። ነገር ግን ታየ ማለት ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋሽ በጆንያው ሥር ጎብጣ ትቀድማለች፤ እሱ ትከሻውን እያዳመጠ ባዶ እጁን ይከተላል። የገበያ ሴቶች ያዩታል። አንዷ «ወይ መታደል! ሚስቱን በቅሎ አድርጎ እሱ ጡረታውን ያዘለ» አለች እንዲሰማ አድርጋ። በዚያ ቀን ኤርሳዶ ጂንካ የሚሸጠውን ሁሉ ቢሰጡት አንዲት ነገር አይበላም ነበር።

«ተዪው፣ ቅዳሜ ቤት ልዋል» አላት ማታ።

«ቤት ከዋልክ ደግሞ በድብቅ ቆፈረ ይላሉ። ና፣ ይዩህ» አለችው።

የጸሎት ወንድሞችም አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በዘመኑ ተዘግቶ ስለነበር እሑድ ከሰዓት በየቤቱ ነበር የሚሰበሰቡት፤ በር ገርበብ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው። ተራው የኤርሳዶ ቤት ሲደርስ፣ ወንድም ቦሼ የሚባለው ሽማግሌ «ዛሬ ለወንድማችን እግር እንጸልያለን» አለ። የወንድም ቦሼ ጸሎት የታወቀ ነው። ለመካን ጸልዮ መንታ ተወልዷል ይባላል።

ቦሼ ትልቅ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጣለ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬውኑ! ነገ ሳትል፣ ዛሬውኑ!»

ኤርሳዶ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ጉልበቱ ሞቅ ሲለው ተሰማው። ላብ አጠመቀው። እግዚአብሔር ቢሰማቸውስ? ቦርዱ የሚመጣው ገና ነው። ሜዳው ላይ አዲስ ዘበኛ ተቀጥሯል፤ ተድኖ የሚኬድበት ሥራ የለም። እግሩን ቀስ ብሎ ከመዳፉ ሥር አወጣ።

«ምነው ወንድም?»

«አይ... ወንድም ቦሼ፣ ከቦርዱ በኋላ ብትጸልዩልኝ ምን ይመስላችኋል?»

ቦሼ ራሱን ነቀነቀና «ጌታ ሆይ፣ አንተ በጊዜህ» አለ። አረጋሽ ዝቅ ባለ ድምፅ አሜን ያለችው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ኤርሳዶ የተሸከመው ከኮረሪማዋ በቀር ሌላ መተዳደሪያ ስላልነበራቸው ነው። ሙሴ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል። አንድ የሠፈሩ ልጅ በፈቃድ መጥቶ፣ ደጃፍ ላይ እንደ ቆመ፣ ሳይቀመጥ፣ ሙሴ እንደማይመለስ ነገራቸው። ሌላ የመጣ ወሬ የለም፤ ወረቀትም የለም። ለአንድ ጉልበት ያ ሁሉ ማኅተም ተመትቷል። ለሙሴ የተባለው ደጃፍ ላይ የተባለው ነው። ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ የሙሴ አባት፣ የሙሴ እናት እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እነሱም ይህን ተዉ አላሉም።

ቦርዱ የሚመጣበት ቀን ተቆረጠ። ጓድ ንጉሤ ከጎረቤት ቀበሌ የማያንስ አቀባበል ይደረግ አሉ። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳው ዳር በሰልፍ ቆመ። መፈክር የሚያወርድ ድምፀ ጎርናና ሰው ሲፈለግ ታደለ ተገኘ። ታደለ አዲሱ የሜዳው ዘበኛ ነው፤ የጓድ ንጉሤ ሚስት የእህት ልጅ። ድምፁ በእውነት ጥሩ ነበር። ከሰልፉ ፊት አቆሙትና በእጁ መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ አስያዙት። ከብቱን ማን ያባርራል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ዘበኛው ቦታው ላይ ነበራ፣ ሁሉም ያየዋል፣ ሜዳው ዳር ቆሟል።

አረጋሽ ባሏን ከሰልፉ ፈንጠር ብሎ ባለ ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። ያ ዛፍ ቸርኬው የተሰቀለበት ነው።

«ሲወርዱ እንዲያዩህ እዚህ ተቀመጥ። ክራንቹን እፊትህ አድርገው። ፊትህን ትንሽ ጨፍገግ አድርግ።»

«እንዲህ?»

«እሱ የሆድ ቁርጠት ነው። የእግር አድርገው።»

እንዲህ እያሉ ሳለ ኤርሳዶ ቀና አለ። የአውሮፕላኑን ድምፅ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ወደ ሜዳው አየ። መሀል ሣሩ ላይ ቡሬ ተኝቶ ያመነዥካል፤ ላሞቹ ዙሪያውን ከበውታል። ታደለ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ መፈክር ያወርዳል፤ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ሞተሩ አይሰማም።

«ታደለ! ከብቶቹን!» ብሎ ጮኸ።

ታደለ ሰላምታ መስሎት ግራ እጁን አነሣለት።

ኤርሳዶ ቸርኬውን ደጋግሞ ቀጠቀጠ። ሕዝቡ አቀባበሉ የጀመረ መስሎት አጨበጨበ። አውሮፕላኑ ከተራራው ወዲህ ብቅ ብሎ ዝቅ ማለት ጀመረ።

አረጋሽ ኮቱን ያዘች። «እንዳትነሣ! የሚያዩህ ሰዎች እኮ ውስጡ ናቸው!»

«ውስጡ ናቸው እኮ ነው የምልሽ» አለና ኮቱን እጇ ላይ ትቶላት ሄደ።

የጂንካ ሰው እስከ ዛሬ ያንን ሩጫ ያወራል። ደህናው እግር ይሮጣል፤ የተፈረመበት እግር ዞሮ እየመጣ ይደርስበታል። የሊቀ መንበሩን ኮርማ በዱላ የሚመታ ሰው በጂንካ አልነበረም፤ አንድ ነበር፣ እሱም ስልሳ በመቶ ሽባ ሆኖ ተመዝግቧል። ዱላ እንኳ አልያዘም። የሸራ ጫማውን አውልቆ ቡሬን አፍንጫው ላይ በጫማው መታው። ቡሬ የድሮ ወዳጁን አወቀው መሰለኝ፣ ተነሣና አየት አደረገው፣ ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ዞሮ ሮጠ። ላሞቹ ተከተሉት። አውሮፕላኑ ኤርሳዶን በነፋሱ ሣሩ ላይ አስተኝቶት አለፈና በደህና አረፈ።

ከአውሮፕላኑ የቦርዱ ሰዎች ወረዱ። አንዱ ዶክተር ሣህሌ ናቸው፤ አጭር፣ እንቅልፍ ያነሳቸው የሚመስሉ ሰው። ሌላው ጓድ ተገኝ ናቸው፤ እንደ ስልክ እንጨት የረዘሙ፣ ጫማቸው የሚያበራ። ጓድ ተገኝ መሬት እንደረገጡ ያሉት የመጀመሪያ ቃል «ያ የሚሮጠው ሰውዬ ማነው?» ነው።

ማን እንደሆነ ከሰዓት በፊት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ታወቀ። ኤርሳዶ ክራንቹን ብብቱ አስገብቶ፣ ሱሪው ሣርና እበት እንደ ነካው ቀረበ። አረጋሽ ከኋላው ቆመች።

«ኤርሳዶ የምትባለው አንተ ነህ? ሽባው?»

«አዎ ጓድ።»

«በመስኮት አይቼሃለሁ። ስትሮጥ። በእነዚህ ዓይኖቼ!»

«ጓድ፣ ባልሮጥ ኖሮ ዛሬ ማን ይጠይቀኝ ነበር?»

ዶክተሩ ሳል የያዛቸው መሰሉ። ጓድ ተገኝ ግን አልሳቁም። «ይህ ከጥያቄው ጋር ግንኙነት የለውም» አሉ።

ዶክተሩ ጉልበቱን አዩ። አጠፉት፤ አልታጠፈም። ደግመው ቢሞክሩ ኤርሳዶ ጥርሱን ነከሰ። «ሁኔታው አልተለወጠም» አሉ ዶክተሩ። «እንዲያውም ዛሬ አብጧል። ይህ ሰው መሮጥ አይችልም።»

«ሮጧል እያልኩህ!»

«ያዩት እርስዎ፣ የያዝኩት እኔ» አሉ ዶክተሩ፤ ጽፈውም ፈረሙ። የጓድ ተገኝ ፊርማ ብቻ ቀረ።

ጓድ ተገኝ አልፈረሙም። «የሚጦር ልጅ የላችሁም?» ብለው ወደ አረጋሽ ዞሩ።

«ነበረን።»

«የት ሄደ?»

«ስትጠሩት የሄደበት» አለች አረጋሽ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወለሉን ያይ ጀመር። ጓድ ተገኝም እስክሪብቷቸውን ከፍተው መልሰው ከደኑ። «እንግዲህ ጤነኛ ነው እንዳይባል ሐኪሙ መሮጥ አይችልም ብሏል፤ ሽባ ነው እንዳይባል እኔ ራሴ አይቻለሁ። ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይመራል። እስከዚያ ክፍያው ታግዶ ይቆያል።»

«እስከዚያ እኔ ምንድን ነኝ?» አለ ኤርሳዶ።

«እስከዚያማ... ውሳኔ ጠባቂ ነህ።»

ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጡ አረጋሽ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ኮቱን ብቻ ትከሻው ላይ መለሰችለት። «ምን ይደረግ፣ አንዴ ከሮጥክ ሮጠሃል» አለች። ወደዚያው ዛፍ ሄደው ተቀመጡ። ሌላ የሚሄዱበት አልታያቸውም።

ከሰዓት በኋላ ደመናው በተራራው ላይ መውረድ ጀመረ። አብራሪው ሰማዩን እያየ አሁን ካልተነሣን እዚሁ ማደራችን ነው አለ። ጓድ ተገኝ የጂንካን ሆቴል ትኋን ከሌላ ጊዜ ያውቁታል፤ ቶሎ ወደ ሜዳው መጡ። የመሸኛ ሰልፍም ተሰለፈ፤ ታደለም ጨርቁን ይዞ ከፊት ቆመ። ቡሬም ላሞቹን አስከትሎ ሣሩ መሀል ተመልሶ ነበር።

ታደለ መፈክሩን አቋርጦ ጥቂት ወደ ቡሬ ተራመደ። ቡሬ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ታደለ አጥር ላይ ወጣ፤ ጨርቁን ግን አልጣለም። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ወደ ኤርሳዶ ዞረ።

ጓድ ንጉሤ መጡ። «ኤርሳዶ፣ ወንድሜ» አሉ። ጓድ ያላሉት የመጀመሪያ ቀን ነው። «እባክህ እንደ ጠዋቱ...»

ኤርሳዶ አልተነሣም። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ውሳኔ ጠባቂ ነኝ። ሽባ ከሆንኩ አልችልም። ጤነኛ ከሆንኩ ደግሞ የሜዳው ዘበኛ ያውና፣ አጥሩ ላይ ነው።»

«ዝናቡ ሊመጣ ነው እኮ!»

«የበላይ አካል ከዝናቡ በፊት ይወስን ይሆናል።»

ከበቡሽ ከሰልፉ ውስጥ «ኧረ ተው የሙሴ አባት!» አለች፤ ድምፅዋ ግን ተው የሚል አልነበረም።

ጓድ ተገኝ ራሳቸው መጡ። ሰማዩን አዩ፤ ቡሬን አዩ፤ አብራሪውን አዩ። አብራሪው ወደ ሆቴሉ በአገጩ ጠቆመ። «ምንድነው የምትፈልገው አንተ ሰው?»

«ምንም አልፈልግ ጓድ። ምን እንደሆንኩ ልወቅ ብዬ ነው እንጂ። ሳላውቅ ብነሣ አጥፊ እሆናለሁ።»

ዶክተር ሣህሌ ሳይጠሩ ቀረብ ብለው ወረቀቱን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ቦርሳቸውን ራሱን እንደ ጠረጴዛ አድርገው ያዙ። «እዚህ ጋ ነው» አሉ። ጓድ ተገኝ ፈረሙ። ሁኔታው አልተለወጠም፣ ክፍያው ይቀጥል በሚለው ሥር፣ እስክሪብቷቸው ወረቀቱን ሊቀደው እስኪደርስ ፈረሙ። ዶክተሩ አጠፉትና አንዱን ቅጂ ለአረጋሽ ሰጧት። እሷ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«በል አሁን ተነሣ!» አሉ ጓድ ተገኝ።

ኤርሳዶ እንደ ተቀመጠ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱን አላጨፈገገም።

«እንዴት አድርጌ ጓድ? ሽባ ነኝ እኮ። አሁን በዚህች ደቂቃ ፈረሙብኝ። ከብት ማባረር ደግሞ ከባድ ሥራ ነው፤ ከታየሁ ይቋረጣል።»

መጀመሪያ የሳቀችው ከበቡሽ ናት። ከዚያ ሰልፉ እንዳለ ተናደ። አጥሩ ላይ ያለው ታደለ ሳይቀር ሳቀ። ጓድ ተገኝ ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ ሰማዩ ግን ይበልጥ ጠቆረ።

ኤርሳዶ ክራንቹን አንሥቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ይህችን ይያዙ፣ ጓድ። የመንግሥት ናት፤ ለመንግሥት ሥራ ትሁን። ቡሬን ከግራ በኩል ይምጡበት። ቀኙን ይወዳል።»

ጓድ ተገኝ ክራንቹን ሲቀበሉ ሳያስቡት ብብታቸው ሥር አደረጉት። ልክ ገጠመ። ሰውየው ቀጥ ብለው ቆሙበት፤ ትከሻ አልተሰቀለ፣ አንገት አልዘመመ። ለካ ያ ክራንች የተሠራው ለእሳቸው ቁመት ነው።

እንግዲህ የሆነውን ጂንካ በሙሉ አይቷል። የሚያበራው ጫማ እበት ውስጥ ገባ። ከሊቀ መንበሩ የሚበልጥ ሰው የሊቀ መንበሩን ኮርማ በመንግሥት ክራንች መታ። ኤርሳዶ ከዛፉ ሥር «ከግራ! ከግራ ጓድ! አይ፣ እሱ ቀኝ ነው!» እያለ ይጮሃል፤ መጮህ ከባድ ሥራ ተብሎ አልተነበበለትም። ጓድ ንጉሤ ከብቶቼን በስማቸው ልጥራቸው ብለው ገቡ፤ ቡሬ ጌታውን አውቆ ወደ እሳቸው ሲመጣ ጓድ ንጉሤ ቦይ ውስጥ ዘለሉ። በዚያ መካከል ላሞቹ ግራ ገብቷቸው ራሳቸው ወጡ። አውሮፕላኑ የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታ ሲወርድ ተነሣ። ክራንቹን ጓድ ተገኝ ይዘውት ሄዱ፤ ረስተውት ይሁን ሌላ፣ ማንም አልጠየቀም።

ሰዉ ከዝናቡ ሲሸሽ ኤርሳዶና አረጋሽ በዝግታ ወደ ቤት ሄዱ። ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጦ ነበር። አረጋሽ ውኃ አሙቃ ጨው ጨመረችበትና እግሩን ሳፋ ውስጥ አስገባችለት። ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ፣ ሙሴ ሲሄድ የተወው ካኪ ሱሪ በተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሌላ ደረቅ ቦታ ቤቱ ውስጥ የለም።

«አሁንስ ወንድም ቦሼን ልጥራልህ?» አለች ሣጥኑን እየከደነች። «ቦርዱ ሄዷል።»

ኤርሳዶ ጉልበቱን አየው። «ይጸልይ። ግን በዝግታ ይሁን በይው። ለከርሞም ይመጣሉ።»

«ለከርሞስ እንዴት ልናደርግ ነው?»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበው ነበር። ከዝናቡ በላይ፣ ከሜዳው በኩል፣ የቡሬ ድምፅ ይሰማል።

«እነሱ ከመጡ» አለ ኤርሳዶ፣ «ከብቶቹም አሉ።»